«ኦሪጅናል፣ ምንም ያልጎደለው» የተባለ የመፍቻ ጥቅል፦ ለአንድ የ1971 ቢኤምደብሊው ባለቤት ምላሽ

ጥያቄህን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። ኮሎኝ አጠገብ ነው የምትኖረው። የ1971 ቢኤምደብሊው አር75/5 ገዝተሃል። ሞተሩ ደህና ነው፤ ከመቀመጫው ስር ያለው የመፍቻ ቦታ ግን ባዶውን ነበር። አሁን አንድ ሻጭ «የፋብሪካው ኦሪጅናል፣ ምንም ያልጎደለው፣ የዚያው ዓመት» የሚለውን የመፍቻ ጥቅል አቅርቦልሃል፤ የጠራው ዋጋም ሁለቱንም ጎማ ከነከመነዳሪያቸው ለመቀየር ከሚበቃው ገንዘብ ይበልጣል። «ጋሼ፣ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? ልግዛው ወይስ አንድ በአንድ ላሟላ? ከገዛሁትስ ዝገቱን ላጽዳው?» ነው ያልከው። ሻጩ የላከልህን ፎቶዎችም አይቻቸዋለሁ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ወንድሜ፣ በተጠራው ዋጋ አትግዛው። ጥቅሉ ፎርጅድ ስለሆነ አይደለም። አብዛኞቹ ዕቃዎች ጥሩ ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ እንዲያውም ተፈልገው በቀላሉ የማይገኙ ናቸው። ግን የተለያየ ቦታ የኖሩ ዕቃዎች ተሰብስበው አንድ ጨርቅ ውስጥ እንደገቡ ከፎቶው ይታያል፤ የተጠየቀው ዋጋ ደግሞ ከአንድ ሞተር ጋር አብሮ ለኖረ ጥቅል የሚከፈል ዋጋ ነው። ያልተዛመደ ስኒ ረከቦት ላይ ቢደረደር ነውር የለውም፣ ቡናው ይጠጣበታል፤ የሰርግ ስጦታ ሙሉ ስኒ ነው ተብሎ ግን አይሸጥም። ይህን ከምን እንዳየሁት በዝርዝር ልንገርህ፤ ሻጩ ቢቀየር ዘዴው ያው ነው።

ሰው ጥቅል ሲመረምር ብዙውን ጊዜ ከማህተሙ ይጀምራል። የታወቀ ስም ካየ ይረካል። እኔ የምጀምረው ከሞተር ሳይክሉ ነው። ፋብሪካው መፍቻ የሰጠው ለጌጥ ሳይሆን፣ ባለቤቱ መንገድ ላይ ሲቆም ራሱ ሊፈታው ለሚችለው ብሎን ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ ሞተሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ሊኖረው ይገባል። የሚሠራው ነገር ካጣህለት እንግዳ ነው፣ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። በተቃራኒው ደግሞ መንገድ ላይ ሊነካ የሚገባው ብሎን እያለ የሚይዘው ቺያቬ (የብሎን መፍቻ) ከሌለ ጥቅሉ ጎድሏል፤ ሻጩ «ሙሉ ነው» ቢልም።

አር75/5 በ1969 የወጣው የ«ስላሽ አምስት» ሦስት ሞዴሎች ትልቁ ነው። ቢኤምደብሊው የሞተር ሳይክል ሥራውን ከሙኒክ ወደ በርሊን ስፓንዳው ያዞረበት ጊዜ ነበር፤ እስከ 1973 ድረስ ሦስቱ ሞዴሎች ተደምረው ወደ 69,000 ገደማ ተሠርተዋል። 745 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት፣ 12 ቮልት፣ በሞተሪኖ የሚነሳ፤ ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። መንገድ ላይ የሚያስቆሙት ነገሮች ግን የድሮዎቹ ናቸው። ጎማው ባለ ሽቦ ቸርኬ ላይ ከነከመነዳሪው የተገጠመ ስለሆነ ምስማር ሲገባበት ወዲያው ይተነፍሳል። የእሳት አሰጣጡ በፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላው እሳት በሚያስነሳው መገናኛ) ስለሆነ ፑንቲናው ይበላል፣ ክፍተቱም ይዛባል። ቫልቮቹ በየጊዜው ይስተካከላሉ፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ወጥተው ስለተቀመጡ ሽፋኑን አውልቆ ያን ማድረግ ለማንም ባለቤት የሚቻል ሥራ ነበር።

ከዚህ ተነስተህ ጥቅሉ ምን ሊይዝ እንደሚገባ ራስህ ትገምታለህ። ለካንዴላው 21 ሚሊሜትር የሆነ የቱቦ መፍቻ ከነማዞሪያ ዘንጉ፣ ባለሁለት አፍ ቺያቬዎች፣ ጫፉ የሚገለበጥ ካቻቢቴ፣ ብሩጎላዎች (ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ መፍቻዎች)፣ ጎማ ማውለቂያ ብረቶች፣ የከመነዳሪ መለጠፊያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች። በዚህ ላይ የፋብሪካው አርማ ያለበት የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ይጨመራል፤ በሚገርም ሁኔታ ዛሬ ከብረቶቹ ሁሉ ይልቅ ለማግኘት የሚያስቸግረው ይሄ ጨርቅ ነው። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሰው ጨርቅ ሲያገኝ ይጠርግበታል፣ ሲቆሽሽ ይጥለዋል።

አሁን ፎቶህን አጉልተህ እየው። የክፍተት መለኪያው ላይ ትንሹ ቅጠል 0.25 ሚሊሜትር ነው። የዚህ ሞተር የመግቢያ ቫልቭ 0.15፣ የመውጫው 0.20 ክፍተት ይፈልጋል፤ ፑንቲናው ከ0.35 እስከ 0.40። ከ0.25 የሚጀምር መለኪያ ቫልቮቹን ሊለካ አይችልም። ማህተሙን ሳናይ፣ ስሙን ሳንጠይቅ፣ መለኪያው የዚህ ሞተር እንዳልሆነ ሞተሩ ራሱ ነገረን።

ሁለተኛው ከግራ በኩል ሦስተኛ ያለው ቺያቬ ነው፤ አንዱ አፍ 10፣ ሌላው 12፣ መሃሉ ላይ «ኮዋ» ተብሎ ተጽፏል። ኮዋ ለሆንዳ መፍቻ ያቀርብ የነበረ የጃፓን አምራች ነው። ቁጥሩንም ልብ በል። በጀርመን ደረጃ የ6 ሚሊሜትር ብሎን ራሱ 10 ነው፣ የ8ቱ 13፣ የ10ሩ 17፣ የ12ቱ 19። ጃፓኖች ግን የ8ቱን ብሎን ራስ 12፣ የ10ሩን 14 ያደርጉታል። ስለዚህ 10 ከ12፣ 14 ከ17 ተጋጥሞ ስታይ የጃፓን ሞተር ከመቀመጫው ስር የወጣ መሆኑን ጠርጥር። ሻጩ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለት ሞተር ያለው ሰው ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የማን እንደነበር የሚያስታውስ አይኖርም።

ማህተም አይጠቅምም አላልኩም፤ ቦታው ሁለተኛ ነው እንጂ። የዚህ ዘመን የቢኤምደብሊው ቺያቬዎች ላይ በብዛት የምታገኛቸው ስሞች ሄይኮ እና ማታዶር ናቸው። ሁለቱም ሬምሻይድ ከተባለችው ከተማ ናቸው፤ ካንተ ቤት ብዙም የማትርቅ፣ የጀርመን የእጅ መሣሪያ ሥራ ማዕከል። እዚያ የጀርመን የመሣሪያ ሙዚየም አለ። አንድ ቅዳሜ ሄደህ ብታይ አይቆጭህም፤ ግሎ የተቀጠቀጠ ብረት ከቀለጠ ብረት በምን እንደሚለይ ዓይንህ ይለምዳል።

ያ ልዩነት ዋጋ አለው። ጥሩ ቺያቬ ግሎ በቅርጽ መሃል ተቀጥቅጦ ነው የሚወጣው። ዙሪያውን የተረፈው ብረት ስለሚቆረጥ በጎኑ ላይ ዳሩን ተከትሎ የሚሄድ መስመር ይቀራል፤ ፊደሎቹም ከቅርጹ ጋር አብረው ስለሚወጡ ከብረቱ ከፍ ብለው፣ ጠርዛቸው ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ቀዝቅዞ የተመታ ማህተም ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያውን ትንሽ ያብጣል። በሌዘር የተጻፈ ግን ከላይ የተቃጠለ ቀለም ይመስላል፤ ጣትህን ብታሳልፍበት ጥልቀት የለውም። ሌዘር ያየህበት ቺያቬ የ1971 አይደለም፤ ክርክር አያስፈልገውም።

ዘመን የሚናገሩ ሌሎች ጽሑፎችም አሉ። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ማህተም ያለበት ዕቃ ከ1949 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ከ1990 በኋላ የተሠራ የመሆን ዕድሉም ጠባብ ነው። «ዲን 895» ባለሁለት አፍ ቺያቬዎች ላይ የሚገኝ የቀድሞ የጀርመን የደረጃ ቁጥር ነው፤ በኋላ በ«ዲን 3110» ተተክቷል። የመለጠፊያው ቆርቆሮ ላይ የአምራቹ አድራሻ ካለ የፖስታ ቁጥሩን ቁጠር። ጀርመን ባለ አራት አሃዝ የፖስታ ቁጥር የጀመረችው በ1960ዎቹ መግቢያ ነው፣ ባለ አምስት አሃዙ የመጣው ሐምሌ 1 ቀን 1993። ያንተ ሻጭ ያሳየህ ቆርቆሮ ላይ አምስት አሃዝ አለ። ባር ኮድ፣ የአውሮፓ «ሲኢ» ምልክት፣ የድረ ገጽ አድራሻ፤ እነዚህን ሁሉ ማንም ሰው በቀላሉ ያያቸዋል፣ ግን ዓይኑ ብረቱ ላይ ስለሚተከል ወረቀቱንና ቆርቆሮውን ሳያነብ ያልፋል። እኔ ፎቶ ሲላክልኝ መጀመሪያ የማነበው ወረቀቱን ነው።

ወደ መጠቅለያው እንሂድ፤ ከሁሉም በላይ የማምነው ምስክር እሱ ነው። ብረትና ጨርቅ አሥርት ዓመታት ተጠቅልለው ሲኖሩ ብረቱ ጥላውን ጨርቁ ላይ ይጥላል፦ የዘይት እድፍ፣ የዝገት መስመር፣ የአፉ ቅርጽ፣ ዘንጉ የተጫነበት እጥፋት። ሻጩን «ጥቅሉን ባዶውን ገልጠህ፣ ከጎን በኩል ብርሃን አብርተህ ፎቶ አንሳልኝ» በለው። ከዚያ ዕቃዎቹን በየኪሳቸው መልሶ ሌላ ያንሳ። ጥላው ከዕቃው ጋር ከተገጣጠመ አብረው ኖረዋል። ትልቅ የአፍ ጥላ ባለበት ኪስ ውስጥ ትንሽ ቺያቬ ከተቀመጠ አልኖሩም። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ጨርቁን በሻይ ቀቅሎ ሊያስረጀው ይችላል፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ጥላ በትክክለኛው ኪስ ላይ ማሳረፍ ግን ከሚያገኘው ትርፍ የበለጠ ያደክመዋል። ያንተ ፎቶ ላይ መጠቅለያ ጨርቁ ንጹህ ነው፣ ብረቶቹ ዝገዋል። ብረቱ ዝጎ ጨርቁ ንጹህ የሚሆነው ዝገቱ ሌላ ቦታ የተፈጠረ እንደሆነ ነው።

«ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ገበያው ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል፤ ሻጩ የትኛውን እንደሚል ጠይቀው። አንደኛው ሞተሩ ሲሸጥ አብሮት የወጣው ነው። ሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ በኋላ እንደ መለዋወጫ የሸጠው ነው፤ ቢኤምደብሊው ለአሮጌ ሞተሮቹ ዛሬም ብዙ ዕቃ ያቀርባል፣ 71 ብሎ በሚጀምር ባለ 11 አሃዝ ቁጥር የተመዘገቡ መፍቻዎችም ይገኙበታል። ይህ ሐቀኛ ዕቃ ነው፤ የፋብሪካው መሆኑ እውነት ነው፣ የ1971 መሆኑ ግን አይደለም። ሦስተኛው ሌላ ሰው አስመስሎ የሠራው ነው። እሱም «አስመስሎ የተሠራ» ተብሎ በግልጽ እስከተሸጠ ድረስ ምንም አይከፋኝም፤ ባዶ ቦታ ሞልቶ ያሳምራል። ችግሩ ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንደኛው ዋጋ ሲቀርቡ ነው።

እዚህ ላይ ሰብሳቢዎች ሲሰሙት ደስ የማይላቸው ነገር አለ። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ወጥ አልነበሩም። መፍቻ የሚገዙት ከአንድ በላይ አቅራቢ ነው፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይገባል፤ ሞዴሉ ሳይቀየር ዓመቱ መሃል ላይ አንድ ዕቃ ይወጣል፣ ሌላ ይተካል። ስለዚህ «ለመጋቢት 1971 ፍጹም ትክክል» ብሎ የሚምል ሰው ፋብሪካው እንኳ ያልነበረውን እርግጠኝነት እየሸጠልህ ነው። ልትጠይቅ የሚገባህ «ይህ ዕቃ በዚያ ዓመት፣ በዚህ ሞተር ላይ ሊሆን ይችል ነበር ወይ?» ብለህ ነው። መልሱን የምታገኘው ከሦስት ቦታ ነው። የዚያው ዓመት የባለቤት መመሪያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የመፍቻዎቹን ዝርዝር ይዟል። የመለዋወጫ ካታሎጉ ሥዕል አለው። ከሁለቱ የሚበልጠው ግን ማንም ያላደሰው፣ ከመጀመሪያው ባለቤት እጅ ያልወጣ ሞተር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሽማግሌ ካገኘህ ቡና ጋብዘውና ጥቅሉን ፎቶ አንሳ።

የሌላ ሞተር ባለቤቶችም ጥያቄህን ስለሚያነቡ ጥቂት ልጨምር።

ሆንዳ ሲቢ750 ያላችሁ፣ በጥቅምት 1968 በቶኪዮ ትርኢት የታየውና በ1969 ገበያ የገባው ባለ አራት ሲሊንደሩ፣ ነገሩ በአንድ በኩል ይቀላል፣ በሌላ በኩል ይከብዳል። የሚቀለው የካንዴላ መፍቻው 18 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው፤ ካንዴላው ባለ 12 ሚሊሜትር ጥርስ ነውና 21 የሆነ መፍቻ ከተጨመረበት ወዲያው ይለያል። የሚከብደው የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ዋጋ ስለናረ መፍቻቸውንም አስመስሎ መሥራት አዋጭ በመሆኑ ነው። ካቻቢቴውን ፈትሹ። የጃፓን መስቀል ራስ ቪቴ የራሱ ደረጃ አለው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ ታያላችሁ። ከጥቅሉ የወጣው ካቻቢቴ መስቀሉ ውስጥ ሞልቶ ይቀመጣል፤ የተለመደው የፊሊፕስ ጫፍ ግን ሲጠብቅ ወደ ላይ ይሾልክና መስቀሉን ይልጠዋል። አስመስለው የሚሠሩት ጫፉን ብዙ ጊዜ ፊሊፕስ ያደርጉታል። በዚህ የተላጠ የካርቡሬተር ቪቴ ስንት እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

የእንግሊዝ ሞተር ያላችሁ ደግሞ የሚሊሜትር ቺያቬ ያለበትን ጥቅል ገና ከሩቅ እለፉት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ባቀረበው ሥርዓት መፍቻው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የአፉ ስፋት ሳይሆን የብሎኑ ውፍረት ነው። 1/4 የተባለ የዊትዎርዝ መፍቻ አፉ 0.525 ኢንች፣ ማለትም 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚያ ብሎን ራስ ላይ 13 ቁጥር ቺያቬ አይገባም፤ 14 ደግሞ ይላወስና ማዕዘኑን ያከብበዋል። በዚያ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለመቆጠብ የብሎኑ ራስ አንድ ደረጃ እንዲያንስ ተደረገ፤ ለዚህ ነው አንድ አፍ ላይ ሁለት ቁጥር፣ ለምሳሌ 1/4 ከ5/16 ጋር፣ ተጽፎ የምታዩት። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ወደ ሌላ የኢንች ጥርስ ሲዞሩ መፍቻው በአፍ ስፋት መቆጠር ጀመረ፤ 7/16፣ 1/2፣ 9/16 እያለ። እንግዲህ የ1952 ሞተር ጥቅል ውስጥ በአፍ ስፋት የተቆጠረ ቺያቬ ከተገኘ ወይ ሞተሩ ተለውጧል ወይ ጥቅሉ። በዝውውሩ ዓመታት የተሠሩት ሞተሮች ሁለቱንም ዓይነት ብሎን ስለያዙ ጥቅላቸውም ሁለቱን መያዙ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም አንዱን ብቻ ከያዘ ነው የምጠረጥረው።

ቪንሰንት የተባለው የእንግሊዝ ሞተር የተለየ ነው፤ እሱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ስቲቨኔጅ ውስጥ ፊሊፕ ቪንሰንት እና አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ፊል ኧርቪንግ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ባወጡት ራፒድ የተባለ ሞተር ላይ ጎማዎቹ ያለ ቺያቬ እንዲወጡ አድርገው ነው የሠሩት። አክሰሉ ራሱ በእጅ የሚዞር ዘንግ አለው፤ ዘንጉን ይዞ ማዞር ብቻ ነው። መፍቻዎቹ ከመቀመጫው ስር በሚሳብ ትሪ ላይ ይቀመጡ ነበር። የዚህ ሞተር ጥቅል ውስጥ ትልቅ የአክሰል ቺያቬ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ከቀረበ፣ ሻጩ ሞተሩን አያውቀውም።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ባጭሩ፣ አታብረቅርቀው። ቆሻሻውን በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አውጣ፣ አድርቅ፣ ቀጭን ዘይት ቀባ፣ ትርፉን ጥረግ። የላላ ዝገት በዘይት በተነከረ በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ቀስ ብሎ ይነሳል። የሽቦ ብሩሽ በመሰርሰሪያ ላይ ገጥመህ እንዳትሞክረው፤ የሚያነሳው ዝገቱን ብቻ ሳይሆን የዚንኩን ሽፋንና የማህተሙን ጠርዝ ጭምር ነው። ኮምጣጤና ሌላ አሲድም እንዲሁ ዚንኩን ይበላዋል። ከአሮጌ መሣሪያና ብሎን አንዳንዱ በካድሚየም የተለበጠ ሊሆን ስለሚችል በሸካራ ወረቀት አትፈግፍገው፤ የካድሚየም ብናኝ መርዝ ነው፣ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

እንደ አዲስ አስለብጠዋለሁ ለምትሉም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጠንካራ ቺያቬ አሲድ ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ብረቱም ተሰባሪ ይሆናል። ከልበጣው በኋላ ወዲያው 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሰዓታት መጋገር አለበት፤ ብዙ የልበጣ ቤት ካልተነገረው ይህን አያደርግም። ከዚያ ቺያቬው መንገድ ላይ በሙሉ ጉልበት ሲያዝ ድንገት ይሰበራል፣ እጅም ይቆርጣል። ዋጋውም ቢሆን ይወርዳል፤ አዋቂ ገዢ እውነተኛ የሆነ ያረጀ ገጽ ካየ ከአዲስ ልበጣ የበለጠ ይከፍላል።

መጠቅለያው የፕላስቲክ ቆዳ ከሆነ ብረቱን ውስጡ አታኑረው። ያ ፕላስቲክ ሲያረጅ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል፤ ብረቱ ተጠቅልሎ እያለ ይዝጋል። እውነተኛ ቆዳም በተለፋበት ኬሚካል ምክንያት ከብረት ጋር አይስማማም። ትርኢት ሲኖር ጠቅልለው፤ በሌላው ጊዜ ብረቱ በዘይት በተነካካ ወረቀት፣ መጠቅለያው ደግሞ ተዘርግቶ ለየብቻ ይቀመጡ።

ሌላው ነገር፣ በአሮጌው ጥቅል አትሥራ። የካንዴላ ቱቦው ከስስ ብረት ተጠቅልሎ የተሠራ ነው፤ በ1971 እንኳ ለአደጋ ጊዜ እንጂ ለጋራዥ የታሰበ አልነበረም። ለጉዞ ዘመናዊ ቺያቬ በሌላ ቦርሳ ያዝ፤ ርካሽ ነው፣ ከእጅህም አይሾልክም።

ልግዛው ወይስ ላሟላ ላልከው፣ አሟላ። ወደ 69,000 የሚጠጋ ሞተር የተሠራለት ቤተሰብ ነው፤ የአንድ የእንግሊዝ ብርቅ ሞተር መፍቻ እንደሚጠፋው የሚጠፋ ዕቃ አይደለም። በጸደይ ሆክንሃይም፣ በመኸር ማንሃይም የሚካሄደውን ቬተራማ የተባለ የአሮጌ ተሽከርካሪና መለዋወጫ ገበያ ታውቀዋለህ። እዚያ የሞተር ሻጮቹን ድንኳን ትተህ የብረታ ብረት ሳጥን ዘርግተው ወደተቀመጡት ሂድ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሄይኮ የሞተር ሳይክል ጥቅል ይሁን የመኪና አያውቁም፣ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ነው የሚሸጡት። የሚያስፈልግህን የአፍ መጠን፣ ማህተምና የልበጣ ዓይነት ወረቀት ላይ ጽፈህ፣ የሌላ ሰው ትክክለኛ ቺያቬ ፎቶ ስልክህ ላይ ይዘህ ግባ፤ አለዚያ ብረት ሲበዛ ዓይን ይዋሻል። ልበጣቸው የሚመሳሰል፣ እርጅናቸው የተቀራረበ ምረጥ። አንዱ ብርቅርቅ፣ ሌላው ጥቁር የሆነ ጥቅል ሁሉም ዕቃ ትክክል ቢሆን እንኳ ዓይን ይወጋል።

እንዲህ ያሟላኸውን ጥቅል አንድ ቀን ብትሸጠው «ከጊዜው ዕቃዎች የተሰበሰበ» ብለህ ሽጠው። ዋጋው አብሮ ከኖረው ያንሳል፣ ግን ጥሩ ገዢ አለው።

ካሁኑ ሻጭ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ አትዝጋው። ፎቶህ ላይ ከፍ ያለ የሄይኮ ጽሑፍ ያላቸው ሁለቱ ቺያቬዎች፣ ፓምፑ እና የእጅ መጥረጊያ ጨርቁ የሚፈለጉ ናቸው። ጨርቁ በተለይ፣ አርማው ካልደበዘዘ፣ ብቻውን ሌላ ሦስት ቺያቬ ያወጣል። ለሻጩ በትህትና ጻፍለት፦ የኮዋው ቺያቬ የሆንዳ እንደሆነ፣ መለኪያው ከ0.25 እንደሚጀምር፣ ቆርቆሮው ከ1993 በኋላ እንደሆነ ንገረውና አራቱን ዕቃ ለይቶ እንዲሸጥልህ ጠይቀው። እምቢ ካለ የጠቅላላውን ዋጋ በግማሽ አውርደህ አቅርብለት፤ የሆንዳውን ቺያቬ ሲቢ750 ላለው ሰው ታስተላልፈዋለህ። የፓምፑን ጫፍ ከመክፈልህ በፊት እንዲያሳይህ አድርግ፤ ውስጡ ያለው ቆዳ ደርቆ ከሆነ በዘይት ይለሰልሳል፣ ቱቦው ከተሰነጠቀ ግን ዋጋው ላይ ሌላ ቅናሽ ጠይቅበት።